መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወደ ዳላስ (ቴክሳስ) ብንገባ ታክሱ ይቀንስልናል ወይ?

የደሞዙ ይቀንስላችኋል፣ የቤቱ ግን ይጨምራል። ቴክሳስ ከደሞዝ የስቴት ታክስ አይቆርጥም፤ የትምህርት ቤቶቹ በጀት ትልቅ ድርሻ የሚመጣው ከቤት ታክስ ነው። ሁለታችሁም ደህና ደሞዝ ካላችሁ ያዋጣል። ሥራ ከቆመ ግን የደሞዝ ታክስ አብሮ ይቆማል፣ የቤቱ አይጠብቅም።

የሻጩን የታክስ ቢል አይተህ እንዳትወስን። ነዋሪው ሆምስቴድ (ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጥ የታክስ ቅናሽ) ካለው ታክስ የሚታሰብበት ዋጋ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አያድግም፤ ቤቱ ሲሸጥ ይህ ገደብ ይነሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የፈረምኩት። በሁለተኛው ዓመት «የኤስክሮው ጉድለት» የሚል ደብዳቤ መጣና (ባንኩ ለቤት ታክስና ለኢንሹራንስ በየወሩ የሚሰበስበው ገንዘብ አልበቃም ማለት ነው) ወርሃዊ ክፍያዬ ዘለለ፤ ልጆቹ ፊት ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ስለዚህ በካውንቲው የቤት ግምት ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገባና ሙሉ የገበያ ግምቱን በታክስ መጠኑ አባዛው። እንደገባህም ሆምስቴዱን ወዲያው ሙላ፤ ማመልከቻው በነፃ ነው።