10 ቢቱ የት ጠፋ? ከፕሪሚየር እስከ ዳቪንቺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ። አንቺ እንደጻፍሽልኝ፣ በ10 ቢት ሎግ (ብዙ የቀለም ደረጃ ይዞ ምስሉን አፍዝዞ በሚቀርጽ ስልት) የተቀረጸ ሠርግ ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ላይ ቆረጥሽ። አንዳንዱን ሾት አፍተር ኢፌክትስ (ምስል ላይ ያለን ነገር ማጥፊያና መጨመሪያ ፕሮግራም) ላይ አስተካከልሽ። ለከለር፣ ማለትም ቀለሙን ለማስተካከል፣ ወደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስትወስጂው ሰማዩ መስመር መስመር ሆነብሽ። «ጥፋቱ የካሜራዬ ነው ወይስ የዳቪንቺ?» ብለሻል። የሁለቱም አይመስለኝም። መንገድ ላይ ነው የጠፋው። እኔም እዚያው መንገድ ላይ ጠፍቶብኝ ያውቃል።

እንጦጦ ላይ ሙሽሮችን ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ቀርጸን ነበር። ከኋላቸው ሰማዩ ከብርቱካንማ ወደ ሰማያዊ ቀስ እያለ ይቀየራል። ከሙሽራዋ ጭንቅላት በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፍ ስለነበር ሾቱን አፍተር ኢፌክትስ አስገብቼ ሽቦውን አጠፋሁት። ከዚያ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በሚባል የቪዲዮ ዓይነት አወጣሁት። ዳቪንቺ ላይ ኮንትራስቱን ትንሽ ከፍ ሳደርገው ፀሐይዋን የከበበው ሰማይ ቀለበት በቀለበት ሆነ። ልክ እንደ መሶብ ስፌት ዙር። ሞኒተር ቀየርኩ፣ ዳቪንቺን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ምንም ለውጥ የለም። ሊነጋ ሲል ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። ከዚያ ሾት ቀጥሎ ያለው፣ ያው ሰማይ የሚታይበት፣ አፍተር ኢፌክትስ ያልገባው ሾት ንጹሕ ነበር።

ያሳሳተኝ ፋይሉ ራሱ ነው። ፕሮሬስ 422 ኤችኪው 10 ቢት ኮዴክ (ቪዲዮን ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ስልት) ነው። ኤፍኤፍፕሮብ በሚባል የፋይል መመርመሪያ ሳየውም 10 ቢት ይላል። ግን የሚነግረኝ የጀሪካኑን መጠን እንጂ የውሃውን ልክ አይደለም። ውስጡ የገባው ምስል ቀድሞውኑ 8 ቢት ሆኖ ነበር።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 8 ቢት ለእያንዳንዱ የቀለም ቻናል 256 ደረጃ ይሰጥሻል፣ 10 ቢት ደግሞ 1024። አንድ የምሽት ሰማይ ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢይዝ፣ በ8 ቢት 25 ደረጃ አካባቢ ነው ያለሽ፣ በ10 ቢት ግን 100 ገደማ። ሎግ ደግሞ ምስሉን አፍዝዞና ጠቅጥቆ ነው የሚይዘው። አንቺ ከለር ስትሠሪ መልሰሽ ትለጥጪዋለሽ። 25ቱን ደረጃ ስትለጥጪው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ለዓይን ይታያል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ላይም ይኸው ነው የሚሆነው፤ የጨርቁ እጥፋት ቀስ ብሎ መጥቆሩ ይቀርና ነጭ ላይ ግራጫ የተለጠፈ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ሁለት ቦታ ተመልከቺ። የመጀመሪያው ፕሮጀክት ፓነሉ ግርጌ ላይ ያለችው «8 ቢፒሲ» (ለአንድ የቀለም ቻናል 8 ቢት) የምትል ትንሽ ጽሑፍ ናት። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቺ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኚው 8 ነው። አልት ይዘሽ (ማክ ላይ ኦፕሽን) ጽሑፏን ስትጫኚ ወደ 16፣ ከዚያ ወደ 32 ትቀየራለች። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ 16 ይበቃሻል። ሁለተኛው፣ እኔን ጉድ የሠራኝ፣ አውትፑት ሞጁል (ፋይሉ እንዴት እንደሚወጣ የሚመረጥበት መስኮት) ውስጥ ያለው ዴፕዝ የሚለው ምርጫ ነው። እዚያ «ሚሊየንስ ኦፍ ከለርስ» ካለ 8 ቢት እያወጣሽ ነው፣ ኮዴኩ ፕሮሬስ ቢሆንም። «ትሪሊየንስ ኦፍ ከለርስ» አድርጊው። ፕሮጀክቱን 16 አድርገሽ ይህንን ብትረሺ፣ ሥራው ሁሉ በመጨረሻዋ በር ላይ ይቆረጣል። የኢፌክቶቹን ዝርዝርም እይ። ከስሙ አጠገብ ቢጫ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያለበት ኢፌክት የፕሮጀክቱን ቢት ስለማይችል ዝቅ አድርጎ ነው የሚሠራው።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ፉቴጁን (የተቀረጸውን ምስል) ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ነው። ታይምላይኑን ብቻ ውሰጂ። ከፕሪሚየር ኤክስኤምኤል (የቆረጥሽውን ቅደም ተከተል ብቻ የያዘ ፋይል) አውጥተሽ ዳቪንቺ ላይ ስታስገቢው፣ ዳቪንቺ የካሜራውን ኦሪጅናል ፋይል ራሱን ነው የሚከፍተው። መሃል ላይ ሬንደር (አዲስ ቪዲዮ ፋይል አድርጎ ማውጣት) የሚባል ነገር ስለሌለ የሚጠፋም ቢት የለም። ጽሑፎችና አንዳንድ ትራንዚሽኖች አብረው ላይመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከፕሪሚየር አንድ ቀለል ያለ ሪፈረንስ ቪዲዮ አውጪና ጎን ለጎን እያየሽ አመሳክሪ። ሬንደር የምታደርጊው አፍተር ኢፌክትስ የገቡትን ጥቂት ሾቶች ብቻ ይሆናል። እነሱንም ከመጀመሪያቸውና ከመጨረሻቸው ትርፍ ፍሬም ጨምረሽ አውጪ።

ፕሪሚየር ራሱ የግድ ሬንደር ማድረግ ካለበት፣ ሲኩዌንስ ሴቲንግ ውስጥ «ማክሲመም ቢት ዴፕዝ»ን፣ ኤክስፖርት ላይ ደግሞ «ሬንደር አት ማክሲመም ዴፕዝ»ን ምልክት አድርጊ።

ኮዴክ ላይ ብዙ አላወራም። ፕሮሬስ 422 ኤችኪው ጥሩ ነው፤ በ1080 በ30 ፍሬም ለአንድ ደቂቃ 1.6 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ዲኤንኤክስኤችአር የሚባለውን ሌላ ኮዴክ የምትጠቀሚ ከሆነ ኤችኪውኤክስ የሚለውን ምረጪ። መጨረሻው ላይ ኤክስ የሌለው ኤችኪው 8 ቢት ነው። በአንድ ፊደል ብዙ ሰው ተሸውዷል። ምስሉን በጣም የሚጨምቀውን ኤች 264ን ግን ለመጨረሻው ፋይል እንጂ ለመሃል መንገድ አትጠቀሚበት፣ እባክሽ።

«ዞሮ ዞሮ ደንበኛው በስልክ ነው የሚያየው» የሚሉ ልጆች አሉ። በዚህ አልስማማም። ተሠርቶ ያለቀውን በ8 ቢት ማስረከብ አንድ ነገር ነው። በ8 ቢት ላይ ከለር መሥራት ግን ሌላ ነው። ያንን የሰማይ ቀለበት ስልክም ላይ ያዩታል፣ ያውም ዕድሜ ልካቸውን በሚያስቀምጡት ቪዲዮ ላይ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሥሩ አረጋግጪ። የካሜራውን ኦሪጅናል ፋይል ሚዲያኢንፎ በሚባለው የፋይል መመርመሪያ ላይ ክፈቺና ቢት ዴፕዙን አንብቢ። ሎግ ስለሆነ ብቻ 10 ቢት ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ ሶኒ ኤ7 ስሪ ኤስሎግ3 (የሶኒ ሎግ) አለው፣ ካርዱ ላይ የሚቀርጸው ግን 8 ቢት ነው። ኦሪጅናሉ 8 ከሆነ ወደ ፕሮሬስ ብትቀይሪውም አዲስ ደረጃ አይፈጠርለትም።

ኦሪጅናሎቹ ካርድ ላይ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ ካሉ ሁሉም ይድናል። ከተሰረዙ ግን የሰማዩን ኮንትራስት ቀነስ አድርገሽ ትንሽ ግሬይን (እንደ ድሮ ፊልም ያለ ደቃቅ ቅንጣት) ጨምሪበት፤ መስመሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

ዛሬ ማታ ሁሉንም አትጀምሪ። በጣም የተበላሸውን አንዱን የሰማይ ሾት ምረጪ። ፕሮጀክቱን 16፣ ዴፕዙን ትሪሊየንስ አድርገሽ ከኦሪጅናሉ እንደገና አውጪው። ዳቪንቺ ላይ አሮጌውንና አዲሱን አከታትለሽ አስቀምጪና እኩል ኮንትራስት ስጫቸው። በዓይንሽ ብቻ አትመኚ፣ ሞኒተርሽ ራሱ 8 ቢት ሊሆን ይችላል። የምስሉን የብርሃን ደረጃ በግራፍ የሚያሳየውን ዌቭፎርም ክፈቺ። አሮጌው ላይ ሰማዩ በመሃሉ ባዶ ክፍተት ያላቸው ቀጫጭን መስመሮች ሆኖ ታገኚዋለሽ። አዲሱ ላይ ክፍተቱ ሞልቶ እንደ ጭስ ከተያያዘልሽ የቀሩትን ሾቶች ሬንደር ላይ አስገቢያቸው።