ዮጋ ልጀምር ወይስ ጂም ልግባ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍሽው ነው የመሰለኝ። በሳምንት አራት ቀን ትሮጫለሽ። 10 ኪሎ ሜትር ካለፈ ወገብሽን ይይዝሻል፣ በአንድ በኩል ደግሞ ከመቀመጫሽ ሥር ይወጋሻል። ዮጋ ልጀምር፣ ጂም ልግባ ወይስ በእረፍት ቀኔ ብስክሌት ልንዳ ብለሻል። ሦስቱንም አይቻቸዋለሁ። እኔ ስጠይቅ እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ረዘም ቢልብሽም ታገሺኝ።

1. በፕላንክ፣ ማለትም በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ በመቆየት፣ በደቂቃ መፎካከሩን ተይው። ሦስት ደቂቃ ፕላንክ ይዘው ሩጫ ላይ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች አውቃለሁ። ስንሮጥ ሁለቱ እግሮቻችን አንድ ላይ መሬት የሚነኩበት ጊዜ የለም። በእያንዳንዱ እርምጃ አንዱ እግር ብቻውን ከሰውነት ክብደት ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚሆን ጫና ይቀበላል። በዚያች ቅጽበት ዳሌ ወደ ሌላው ጎን እንዳይወርድ የሚይዘው በዋናነት በዳሌ ጎን ያለው የመቀመጫ ጡንቻ ነው። እሱ ከደከመ ወገብ ሥራውን ይወስድለታል። ያንቺም ወገብ 10 ኪሎ ሜትር ላይ የሚይዝሽ ለዚህ ይመስለኛል።

መስታወት ፊት በአንድ እግርሽ ቁሚና ጉልበትሽን ቀስ ብለሽ እጠፊ። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም በተነሳው እግር በኩል ዳሌሽ ዝቅ ካለ ሥራሽ እሱ ነው። የጎን ፕላንክ ሥሪ፤ በጎንሽ ሆነሽ በአንድ ክርንሽ ተደግፈሽ ዳሌሽን አንስተሽ ቆዪ። ጀርባሽን ወለል ላይ አድርገሽ ተኚ፣ እጆችሽንና የታጠፉ እግሮችሽን ወደ ላይ አንሺና ተቃራኒ እጅና እግርሽን በቀስታ አውርጂ፤ ወገብሽ ከወለሉ እንዳይነሳ። በአንድ እግር ቆሞ ክብደት ይዞ ወደፊት ማጎንበስና መነሳትም ጥሩ ነው፤ እሱን ግን ሕመሙ ሲቀንስልሽ ነው የምትጀምሪው። ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሻለሁ።

2. ዮጋ። እዚህ ላይ ነው በጣም የምለምንሽ። ዮጋ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እስከ ዛሬ እሠራለሁ። ግን የሚያምሽን ቦታ ማንም እንዲስብብሽ አትፍቀጂ።

እኔ ክፍሉ ሲጀመር ለአስተማሪዋ በግልጽ ነግሬያታለሁ። ከመቀመጫዬ ሥር እንደሚያመኝ፣ ወንበር ላይ ስቆይ እንደሚብስብኝ ነገርኳት። «ሯጮች ስትባሉ ሰውነታችሁ ደረቅ ነው» ብላ አለፈች። ከዚያ እግራችንን ዘርግተን ተቀምጠን ወደፊት ስናጎነብስ ከኋላዬ መጣች። ሁለት መዳፏን ወገቤ ላይ አሳረፈችና በክብደቷ ተጫነችኝ። ይበቃል አልኩ። «ተንፍሱ፣ ይለቃል» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለክፍሉ በሙሉ። የመቀመጫ አጥንቴ ላይ የሆነ ነገር ሲሳብ፣ ከዚያም እንደ እሳት ሲያቃጥል ይሰማኛል። በማግስቱ መቀመጥ አልቻልኩም። መኪና ውስጥ ፎጣ አጥፌ በአንድ ጎኔ ነበር የምቀመጠው። ተመልሼ ለኃላፊው ስናገር «ሰውነትዎ ስላልለመደ ነው፣ ሳያቋርጡ ይምጡ» ተባልኩ። ይቅርታ እንኳ የለም! አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ሰው የሚያመውን ሲናገር መስማት ምን ያስከፍላል?

ነገሩን ያስረዳኝ በኋላ ያገኘሁት ፊዚዮቴራፒስት ነው። የኋላ ጭን ጡንቻ በጅማት አማካይነት የመቀመጫ አጥንት ላይ ይያያዛል። ሕመሙ ያለው እዚያ መያያዣው ላይ ነው። ወደፊት በጥልቀት ስናጎነብስ ጅማቱ ይሳባል ብቻ ሳይሆን አጥንቱ ላይ ይጫናል፣ ይጨመቃል። ለዚህ ነው ስትስቢው ለጊዜው ቀለል ብሎሽ ማታ የሚብስብሽ። የታመመ ጅማት በመሳብ አይድንም። ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ ሸክም ነው የሚያጠነክረው።

የጀመርኩት እንዲህ ነው። በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ከወለል ማንሳት፣ ግን ተረከዝን ከመቀመጫ ራቅ አድርጎ። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይዞ መቆየት። ሲቀል በአንድ እግር። ከዚያ ነው ክብደት ይዞ ማጎንበሱ የሚመጣው። ሲሠሩት ከዜሮ እስከ አሥር በሚለካ መለኪያ እስከ 3 የሚደርስ ሕመም ቢሰማም ችግር የለውም፣ በማግስቱ ወደነበረበት ከተመለሰ። ካልተመለሰ ክብደቱ በዝቷል ማለት ነው። ጅማት ቶሎ አይመለስም፣ ወራት ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት ሠርተሽ ለውጥ የለም ብለሽ እንዳትተዪው።

አሁን ከዮጋ የምወስደው የሚያጸናኝን ነው። በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ በሆድ ተኝቶ ደረትና እግር ማንሳት፣ የጎን ፕላንክ። እጅና እግር መሬት ላይ አድርጎ መቀመጫን ወደ ላይ በሚያነሳው አቋም ጉልበቴን አጠፍ አደርጋለሁ። ከሩጫ በፊት ደግሞ ረጅም ስትሬች የለም። አንድ ጡንቻን ከአንድ ደቂቃ በላይ ስቦ ማቆየት ለጊዜው ጉልበቱን ይቀንሰዋል። እግር ማወዛወዝና ቀለል ያለ ሶምሶማ ይበቃል። ክፍል ከገባሽ ገና ሳይጀመር «እባክሽ እጅሽን እንዳታሳርፊብኝ» በያት። ከተቆጣች ምንጣፍሽን ጠቅልለሽ ውጪ።

3. ብስክሌት ለልብና ለሳንባ ግሩም ነው፣ መሬት መምታትም የለውም። ያንቺ ሕመም ግን የመቀመጫ አጥንት ላይ ነው፣ ኮርቻውም የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። መሪው ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ዳሌሽ ታጥፎ ይውላል። እኔን አባሰብኝ። የረዳኝ ውኃ ውስጥ መሮጥ ነው፤ ጥልቅ ውኃ፣ ተንሳፋፊ ቀበቶ፣ እግር ወለል ሳይነካ። ሰዓትሽ ላይ ያለውን የልብ ምት ግን አትመኚው። ውኃ ውስጥ በደቂቃ 10 ምት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ሊል ይችላል። በትንፋሽሽ ለኪ።

4. የክብደቱን ሥራ ከባድ ሩጫ በሮጥሽበት ቀን አድርጊው፣ ከሩጫው ጥቂት ሰዓት በኋላ። ቀላል ቀንሽ ቀላል ይሁን። በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። «ክብደት ያነሳ ሯጭ ይከብዳል» ይሉሻል፤ እኔንም ብለውኛል። ከዚያ በኋላ ማራቶን ሮጬ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ዳሌዬ አልወረደም፣ ወገቤም አልያዘኝም። በዚህ እኮራለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። እግርሽ ላይ የሚወርድ መደንዘዝ ካለ፣ ወይም ብሽሽትሽን እያመመሽ በአንድ እግር ስትዘዪ ከባሰብሽ፣ የጻፍኩልሽን ሁሉ ተዪና ሩጫውን አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሁለተኛው የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። እሱ ከሌለብሽ ዛሬ ማታ ተረከዝሽን አርቀሽ በ30 ሰከንዱ ጀምሪ፣ ነገ ጠዋት ምን እንደተሰማሽ እዚህ ሥር ጻፊልኝ።