ጥያቄ፦ ባሌ ልጄ እያየ ይደበድበኝ ነበር፤ ከቤቱ ከወጣን ወዲህ የ6 ዓመት ልጄ አልጋ ላይ ይሸናል፣ ታናሽ እህቱን ይመታል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ባልጎ አይደለም። እናቱ ስትደበደብ ያየ ልጅ አደጋው ቢያልፍም ሰውነቱ ገና አላመነም።

ለሽንቱ ከፍራሹ ላይ ላስቲክ አንጥፊ፤ ሲያመልጠው ሳትናገሪ ቀይሪለት። ማሳፈርና መግረፍ ፍርሃቱን ስለሚጨምሩ ነገሩ ይብሳል። ሲሸና ካቃጠለው ወይም ውሃ ጥም ከበዛበት ግን ሽንቱ ይመርመር፤ ኢንፌክሽን ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያረጋጋው ቀኑ እንዴት እንደሚውል አስቀድሞ ማወቁ ነው። ምግብና እንቅልፍ በሰዓታቸው ይሁኑ። ስትወጪ የት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ንገሪው፤ እንዳያለቅስ ተብሎ ተደብቆ መውጣት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ልጅ ግን በጣም ጎጂ ነው።

እህቱን ሲመታ እጁን ያዥና ዝቅ ብለሽ፣ «እንደተናደድክ አውቃለሁ፤ መምታት ግን አይቻልም» በይው። መልሰሽ ከመታሽው የሚማረው ጉልበተኛ እንደሚያሸንፍ ነው።

በዚህ ዕድሜ ልጆች ጥፋቱን በራሳቸው ያሳብባሉ። ባይጠይቅሽም «አባባ የመታኝ በአንተ ምክንያት አይደለም» በይው፣ ደጋግመሽ። አባቱን አትስደቢ፤ ድርጊቱ ስህተት እንደነበር መናገር ይበቃል። ያየውንም እንዲያወራ አታስጨንቂው፤ ወረቀትና ቀለም ስጪው፣ ሲያወራ ስሚው።

ቅዠት ወይም ድንጋጤ ኖሮበት ከ1 ወር ካለፈ፣ ወይም መጫወት ከተወ፣ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። ስለ መሞት ካወራ ወይም ራሱን ከጎዳ አንድ ቀን አትጠብቂ። አዲስ አበባ ካላችሁ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት የአንድ መስኮት አገልግሎት ማዕከል (ሕክምና፣ የፖሊስና የሕግ ድጋፍ በአንድ ቦታ የሚገኝበት) አለው።