መኪናው ያልፋል፣ ስልኩም ይሄዳል

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ማታ ማታ ስልክ ይነጠቃል። አመልክተን የፓትሮል መኪና በቀን ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ነጠቃው ግን አልቀነሰም። መኪና ይጨመርልን እንበል?

መልስ፦ መጨመሩ ብዙም አይጠቅማችሁም። ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 አሜሪካ ውስጥ በካንሳስ ሲቲ ተሞክሯል። 15 ቀጠናዎች በሦስት ተከፈሉ፦ በአምስቱ ቅኝቱ ቀርቶ ፖሊስ ሲጠራ ብቻ ይገባል፣ በአምስቱ እንደወትሮው ይዞራል፣ በቀሩት አምስት ቅኝቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ አደገ። በወንጀሉም ሆነ በነዋሪው ስጋት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ለነጣቂው መኪናው እስኪያልፍ ሁለት ደቂቃ መታገሥ ምኑም አይደል።

የሚሠራው ትንሽ ቦታ መርጦ ቆም ማለት ነው። በሌላዋ የአሜሪካ ከተማ በሚኒያፖሊስ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ፖሊስ ወንጀል የሚበዛበት ጥግ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ ከቆየ፣ ከሄደ በኋላም ቦታው ለተወሰነ ጊዜ ይረጋጋል፤ ከ15 ደቂቃ በላይ ሲቆም ግን ትርፉ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ እንዲህ ይሁን፦ ፌርማታው ላይ፣ በእግር፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት መካከል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየመጣችሁበት 15 ደቂቃ ቆዩልን፤ ሰዓቱንም በየቀኑ አለዋውጡት። የመጨረሻዋ እንዳትረሳ። የፖሊሱ ሰዓት ከታወቀ ነጣቂውም ሰዓቱን በእሱ ያስተካክላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ በ60 ቦታዎች የእግር ሥምሪት ሲደረግ የኃይል ወንጀል በ23 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ሥምሪቱ ሲያበቃ ውጤቱም አብሮ ጠፋ። ፖሊስ ያረጋጋላችሁን ጊዜ እንግዲህ ለሌላው ሥራ ተጠቀሙበት፦ የተቃጠለው የመንገድ መብራት ይቀየር፣ ነጣቂው ሾልኮ የሚሰወርበት የአጥር ቀዳዳ ይደፈን፣ ከየት መጣ ሳይል ስልክ የሚገዛው ሰው ይጠየቅ። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ገዢ ካለ ግን ነጣቂ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ከቀጠናው ፖሊስ ጋር በየወሩ እንሰበሰባለን። ሁሉም ያማርራል፣ ፖሊሱ ይመዘግባል፣ እንበተናለን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ «ሌባ በዛ» ብሎ ማመልከት ለፖሊስ ምንም አይነግረውም። «ሐሙስና ዓርብ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ ከፌርማታው ጀርባ ባለው ቅያስ፣ በሞተር የሚመጡ ሁለት ልጆች» ካላችሁ ግን ለሥምሪት የሚሆን ነገር ሰጣችሁት። የሥራው ቅደም ተከተል ችግሩን መለየት፣ መተንተን፣ እርምጃ መውሰድ፣ ውጤቱን መገምገም ነው። ስብሰባዎች የሚበላሹት ሁለተኛውን ዘለው ወደ ሦስተኛው ስለሚሮጡ ነው።

ሦስት ሳምንት አንድ ደብተር ያዙ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ትክክለኛ ቦታ (የትኛው የመብራት ምሰሶ ሥር እስኪባል ድረስ)፣ ምን ተወሰደ፣ ነጣቂው በየት አመለጠ። የተጠርጣሪ ስም ግን አይጻፍበት፤ ስም የገባበት ደብተር የቂም መወጫ ይሆናል። በስብሰባው ከሁለት በላይ ችግር አትያዙ፤ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃም ባለፈው ቃል የተገባው ምን ደረሰ ለሚለው ስጡ። የምታውቁት ፖሊስ ሲዛወር ብዙ ቦታ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል፤ ስለዚህ አዲሱን በደብተሩ ተቀበሉት። ከስብሰባው የሚቀሩትን ወጣቶችና ቤት ተከራዮችም ፈልጓቸው፤ ማታ መንገድ ላይ የሚገኙት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የሰፈር ጥበቃ ፈቃደኞች ሰው ፈትሸው መያዝ ይችላሉ?

መልስ፦ ፍተሻ የፖሊስ ሥራ ነው፣ አይንኩት። ሰው ስለመያዝ የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ በጥርጣሬ ብቻ መያዝ ግን ፈቃደኛውን ራሱን ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል። ሁለት ሆነው ይዙሩ፣ ዱላ አይያዙ፣ አይከተሉ። ሲደውሉ በቅድሚያ ቦታውን ይናገሩ፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ፖሊስ የት እንደሚመጣ ያውቃል። ቀጥሎም እየሆነ ያለውን ነገር፣ የሰዎቹን ብዛት፣ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን፣ የሄዱበትን አቅጣጫ። ከመልካቸው ጫማቸውን ያስተውሉ። ጃኬት እየሮጡ ሳለ ያወልቁታል፣ ጫማ ግን አይቀየርም።