ሻብሊና የሐይቅ ቆሮሶ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፈረንሳይ የሚኖረው አጎቴ «ሻብሊ» የሚል የተጻፈባቸው ሁለት ጠርሙስ ነጭ ወይን አምጥቶልኝ ነበር። አንዱን በቀደም ከዶሮ ወጥ ጋር ከፈትነው፤ ኮመጠጠን። ሥሩ ላይም ጨው የመሰለ ደቃቅ ነገር አየሁ። ተበላሽቶ ይሆን? እሑድ አጎቴን ምሳ ልጋብዘው ነው፤ ሁለተኛውን በምን ላቅርበው? ከሚመጡት ግማሾቹ እስላም ዘመዶቻችን ናቸው።
ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ ወይኑ ደህና ነው። ያልተስማማው ከዶሮ ወጡ ጋር ነው።

ሥሩ ላይ ያየኸው ከወይን ፍሬው ከራሱ የመጣ ነው። ታርታሪክ የሚባለው አሲድ ቅዝቃዜ ሲያገኘው እንደዚያ ይረጋል፤ ማንንም አይጎዳም። ጠርሙሱን ሳታናውጥ ቅዳና ከሥር ይቅር።

ኩምጣጤውም ጠባዩ ነው። አክሱሚት የለመደ ሰው ጣፋጭ ይጠብቃል፤ በሻብሊ ግን ስኳሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ አልኮል ተለውጧል። ሻብሊ ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ ክፍል ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሰረን በሚባል ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወይኑ የሚሠራው ሻርዶኔ ከሚባለው ዝርያ ብቻ ነው። አገሩ ብርዳም ስለሆነ ፍሬው ሲበስል እንኳ ኩምጣጤው አይለቀውም። ውርጭ ምን እንደሚያደርግ የደላንታን ገበሬ ጠይቀው፤ የሻብሊ ገበሬም በሚያዝያ እንቡጡ እንዳይቃጠልበት ሌሊቱን በማሳው መሃል እሳት ያነዳል፣ ወይም ውሃ እየረጨ እንቡጡን በበረዶ ያለብሰዋል። በረዶው ራሱ ከባሰው ብርድ ይከልለዋል።

አፈሩ ደግሞ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ግድም የባሕር ወለል ነበር። ድንጋዩን ብትሰብረው ኦይስተር የሚባሉ የትናንሽ የባሕር እንስሳት ቅርፊት ታገኝበታለህ። ፈረንሳዮችም ይህን ወይን አጥብቀው የሚወዱት ከኦይስተር፣ ከዓሣና ከፍየል አይብ ጋር ነው።

ወደ ምሳህ ልመለስ። በርበሬ ኩምጣጤውን ያከረዋል፤ በቁሌት የጣፈጠ ሽንኩርት ደግሞ ወይኑን ጭራሽ ያደርቀዋል። እኔ ደሴ ውስጥ በሆቴል ወጥ ቤት 17 ዓመት ስሠራ ለሻብሊ ከሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ የተሻለ አላገኘሁለትም። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ቅዳሜ ማታ ሳይሆን እሑድ ጠዋት የወጣውን አስመጣ። ጎኑን ብጣው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ሎሚ አስገባበት፣ ዱቄት በስሱ አልብሰህ ጥበሰው። ከላዩ ሎሚ ጭመቅበት። አዋዜ አታቅርብ፤ ሚጥሚጣ የፈለገ ለብቻው በሳህን ይቅረብለት። ከጎኑ ጎመንና ለጋ አይብ ካለ ምሳው ሞላ።

ዓሣውን የመረጥኩልህ ለወይኑ ብቻ ብዬ አይደለም። ሥጋ ቢሆን ለሁለት ማረድ፣ ለሁለት ድስት መጣድ ነበረብህ። ዓሣ ላይ የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። እናቴ ድግስ ባላት ቁጥር ለእስላም ጎረቤቶቿ ብርዝ ትበርዝ ነበር፤ አንተም በርዝላቸው፣ ብርዙ ግን ያልፈላ ይሁን። መጠጥ ባለበት ማዕድ የማይቀመጡ ትልልቅ ሰዎች ካሉ አስቀድመህ ጠይቃቸው። ካሉ ምሳውን አብራችሁ ብሉ፣ ወይኑን እነሱ ከሄዱ በኋላ ከአጎትህ ጋር ክፈተው፤ ለዚያ ሰዓት ጥቂት ዓሣ አስቀር።

ቅዝቃዜው 10 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ፍሪጅ ከገባ ሊቀዳ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አውጣው፤ በረዶ የሆነ ወይን ጣዕሙ አይሰማም። ፍሪጅ ከሌለህ የደሴ ሌሊት ይበቃል፤ ቅዳሜ ማታ በረንዳ ላይ አሳድረው፣ ጠዋት ፀሐይ ሳያገኘው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ጥላ ውስጥ አቁመው።