ዌስት ፖይንት ለመግባት ዕጩነት ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ ቨርጂኒያ 11ኛ ክፍል ናት። ዌስት ፖይንት (የአሜሪካ ምድር ጦር መኮንኖች የሚሠለጥኑበት አካዳሚ) መግባት ትፈልጋለች፤ «የኮንግረስ አባል ካላጨሽ አትገቢም» አሏት። የምናውቀው ባለሥልጣን የለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ባለሥልጣን ማወቅ አያስፈልግም። ልጅዎ ለሁለቱ የቨርጂኒያ ሴናተሮች፣ ለወረዳችሁ የኮንግረስ ተወካይ እና ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ታመልክት፤ ለአራቱም! አንድ የኮንግረስ አባል በዌስት ፖይንት በአንድ ጊዜ ሊኖሩት የሚችሉት 5 ተማሪዎች ብቻ ስለሆኑ አንድ በር ብቻ ማንኳኳት ዕድልን ያጠብባል።

ማመልከቻው ሁለት ነው፦ አንዱ ለአካዳሚው፣ ሌላው ለዕጩነቱ። አንዱን ሞልቶ ሌላውን መርሳት ዓመት ያስቆጥራል። የዕጩነቱን ቀነ ገደብ እያንዳንዱ ቢሮ ራሱ ይወስናል፤ ብዙዎቹ 12ኛ ክፍል በተጀመረ በጥቂት ወራት ይዘጋሉ። የመምህር ደብዳቤ ከዘገየ ፋይሉ ጎደሎ ሆኖ ይቀራልና ዘንድሮ ትምህርት ሳይዘጋ ትጠይቅ።

ዜግነቱን አደራ! በግሪን ካርድ አይገባም። ልጅዎ 18 ሳይሞላት፣ ግሪን ካርድ ይዛ በእርስዎ አሳዳጊነት አብራችሁ እየኖረች እርስዎ ዜግነት ከወሰዱ እሷም በሕግ ዜጋ ሆናለች፤ ማስረጃ እንዲሆናት ፓስፖርት ያውጡላት።

መታጨት ደግሞ መግባት አይደለም። የአካል ብቃት ፈተናና የጤና ምርመራ አለ። 13 ዓመት ከሞላት በኋላ አስም ታይቶባት ከሆነ ልትወድቅ ትችላለች፤ ያኔ በልዩ ሁኔታ እንድትታይ መጠየቅ ይቻላል። የኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) አካዳሚ ግን ዕጩነት አይጠይቅም፤ እዚያም ታመልክት።