መልስ፦ ባለ ሦስት እግር ሞተሬ እየሄደ ባትሪው ያልቃል

«ባትሪ ቀይሬም ግማሽ ሰዓት ስነዳ መብራቱ ይደበዝዝና ሞተሩ ይጠፋል» ላልከው፦ ሌላ ባትሪ እንዳትገዛ። ሞተሩ ባትሪውን ቻርጅ እያደረገ አይደለም፤ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለህ ራስህ ትለየዋለህ።

ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ይሁን። አስነስተህ ጋዝ ስትሰጠው፣ በደቂቃ 4000 ዙር ገደማ ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ (ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልት የሚቆጣጠረው ክፍል) ተበላሽቷል፣ አዲሱን ባትሪህንም ይገድለዋል።

ቮልቱ ጭራሽ ካልጨመረ ከስታተር (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ) ወደ ሬጉሌተር የሚሄዱትን ሦስት ሽቦዎች (ብዙ ጊዜ ቢጫ ናቸው) ሶኬት ፍታ። ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ ሌላ አትፈልግ፤ የላላ ሶኬት ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይበልጥ ይላላል። ቆርጠህ በአዲስ ተካው። ደህና ከሆነ ሶኬቱ እንደተፈታ ሞተሩን አስነሳና መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ በስታተር በኩል ያሉትን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን ለካ፤ ሦስቱም ልኬቶች ተቀራራቢ ሆነው ከዙሩ ጋር መጨመር አለባቸው። አጥፍተህ ደግሞ እያንዳንዱን ሽቦ ከሻሲ (ከብረት አካሉ) ጋር በኦም ፈትሽ። ከሻሲ ጋር ከተገናኘ ስታተሩ ተቃጥሏል።

ስታተሩ ደህና ሆኖ ካገኘኸው ሬጉሌተሩን ከመቀየርህ በፊት ዋናውን ፊውዝና የሬጉሌተሩን የኔጌቲቭ ሽቦ እይ። ዝገትና ቀለም ግንኙነቱን ያበላሹታል።

ከሁለት እግር ወደ ሦስት የተቀየረ ከሆነ ወደ ኋላ የተቀጠለውን ሽቦ አክሰሉ አጠገብ ፈትሸው፣ እዚያ እየተፈተገ ይላጣል። የተጨመሩ መብራቶች ካሉም ነቅለህ እንደገና ለካ፤ ስታተሩ የተሠራው ለዚያ ጭነት አይደለም።

ልኬቶቹን እዚህ ጻፍልን።